ሥራውን ሊለቅ ላሰበ ሰው የተጻፈ ምክር



ከጥቂት ጊዜ በፊት አንድ ወጣት ከስብከቱ በኋላ ሰው ሁሉ እስኪሄድ ድረስ በደጅ ቆይቶ ወደ እኔ ቀረበ። በአንድ የንግድ ቤት ሒሳብ ያዥ ሆኖ ሦስት ዓመት አገልግሎአል። ደመወዙ ለኑሮው አልበቃ ስላለ፥ እናቱንም የሚጦር እርሱ ብቻ ስለ ሆነ፥ ሌላ ሥራ መፈለግ ጀምሮ ነበር። «ጋሼ፥ ጠዋት ጠዋት አለቃዬን ‹እንደምን አደሩ› እላቸዋለሁ፤ በቦርሳዬ ግን ለሌላ ቤት የጻፍሁት ማመልከቻ አለ። እንጀራቸውን እየበላሁ እንደ ይሁዳ መሆኔ አይደለምን?» አለኝ። መሽቶ ነበርና በዚያች ሰዓት ያልሁት ጥቂት ነው። ይህን ጥያቄ የሚጠይቁ ብዙዎች መሆናቸውን ስላወቅሁ ግን አሁን አስፋፍቼ ልጽፈው ወደድሁ።

በደመወዝ የሚሠራ ሰው ቀኑን ሸጠ እንጂ ዕድሜውን አልሸጠም። ውሉን በጠበቀበት ቀን ሁሉ ዕዳ የለበትም። የነገውን እንጀራ ከወዴት እንደሚያገኝ ማሰብም የቤተ ሰብ ኀላፊ ሁሉ ግዴታ ነው። ስለዚህ ሌላ ሥራ መፈለግ በራሱ ክህደት አይደለም። ነገር ግን የሚፈለግበት መንገድ ክህደት ሊሆንበት ይችላል፤ ሰውም የሚሳሳተው በዚህ ላይ ነው። አንዱ ዝም ማለትን ከመዋሸት ጋር አንድ አድርጎ ሕሊናውን በከንቱ ያስጨንቃል። ሌላው ደግሞ ምሥጢር እጠብቃለሁ ሲል በሐሰት ላይ ሐሰት ይጨምራል።

በዚህ ነገር ከነህምያ የሚሻል አስተማሪ አላገኘሁም። ነህምያ በሱሳ ግንብ ለንጉሡ ለአርጤክስስ የወይን ጠጅ የሚያቀርብ ሰው ነበረ። ሥራው ትንሽ አልነበረም፤ ንጉሥ ነፍሱን አምኖ ካልሰጠው ሰው እጅ ጽዋ አይቀበልምና። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ445 ዓመት ገደማ፥ በካሴሉ ወር፥ የኢየሩሳሌም ቅጥር እንደ ፈረሰ፥ በሮችዋም እንደ ተቃጠሉ ሰማ። አለቀሰ፥ ጾመ፥ ጸለየም። ልቡ ያንጊዜ ከሱሳ ወጥቶአል። ለንጉሡ የተናገረው ግን በኒሳን ወር ነው። ከካሴሉ እስከ ኒሳን ብትቈጥሩ አራት ወር ያህል ታገኛላችሁ።

በእነዚህ ወራት ምን ያደርግ ነበር? ጽዋውን ሞልቶ ያቀርብ ነበር። ከዚያ ቀን በፊት በንጉሡ ፊት አዝኖ እንደማያውቅ ራሱ መስክሮአል። ጠጁ አልጎደለም፤ ሰዓቱ አልተዛነፈም፤ ለሌሎች አሽከሮችም «እኔስ በቅርቡ ከእናንተ እለያለሁ» እያለ እንደ ተመካ አልተጻፈም። በመጨረሻ ፊቱ ጠቍሮ ንጉሡ ምክንያቱን በጠየቀው ጊዜ እጅግ ፈራ። ቢፈራም «እንቅልፍ አጥቼ ነው» ብሎ አላመለጠም፤ በልቡ ጸልዮ እውነቱን ተናገረ። ንጉሡ መቼ እንደሚመለስ ቢጠይቀው ቀን ቈርጦ ነገረው፤ ለመንገዱም ደብዳቤ ለመነ። ኢየሩሳሌም ከደረሰ በኋላ እንኳ ሦስት ቀን ዝም አለ፤ በሌሊትም ከጥቂት ሰዎች ጋር፥ ከተቀመጠባት እንስሳ በቀር ሌላ ሳያስከትል፥ የፈረሰውን ዞሮ አየ። ሹማምንቱ ወዴት እንደ ሄደ አላወቁም።

እንግዲህ ያልበሰለን ነገር በልብ መያዝ ሐሰት አይደለም። ጊዜው ሳይደርስ የሚነገር እውነት ግን ጉዳት እንደሚያመጣ ከዮሴፍ እንማራለን። በ17 ዓመቱ ያየው ሕልም እውነት ነበረ፤ ለወንድሞቹ ቢነግራቸው ግን ቅንዓት ወደ ጕድጓድ ጣለው። በመሥሪያ ቤትም እንዲህ ነው። ሊሄድ ነው የተባለ ሠራተኛ ገና ሳይሄድ እንደ ሄደ ይቈጠራል። ዕድገት ሲመጣ ስሙ ይዘለላል፤ ስብሰባ ሲጠራ ይረሳል፤ የፈለገው ሥራ ቢቀርበት ደግሞ በመካከል ይቀራል። ካፍ የወጣ አፋፍ ይባል የለምን? አለቃውም ቢሆን በስሚ ስሚ ሲሰማው፥ ራሱ ሠራተኛው ቢነግረው ከሚያዝነው ይልቅ ሁለት እጥፍ ያዝናል።

ለማን ይነገር? ባለ ትዳር ለትዳር ጓደኛው ይንገር፤ ይህ ግዴታ ነው፤ ቤቱ የሁለታቸው ነውና። ከዚያ ሌላ ምሥጢር የሚጠብቅ አንድ ሽማግሌ ይበቃል። በዚህ ስፍራ አንባቢ ይቅር ይበለኝና ስለ ራሳችን ጉባኤ አንድ ነገር ልናገር። የጸሎት ርእስ እየተባለ በማኅበር መካከል የሚነገረው ነገር ሁሉ ወደ እግዚአብሔር ብቻ አይሄድም። ማክሰኞ ማታ «ወንድማችን ወደ እገሌ ባንክ ሊገባ ነውና ጸልዩለት» ከተባለ፥ ረቡዕ ጠዋት አለቃው ያውቀዋል። ብዙ ጊዜ አይቼዋለሁ። «እግዚአብሔር የሚያውቀው ጉዳይ አለኝና አስቡኝ» ማለት ለጸሎት ይበቃል።

ቀድሞ ሥራ ፈላጊ አራት ኪሎ ወርዶ ጋዜጣ ተከራይቶ ቆሞ ያነብ ነበር፤ የሚያየው ቢኖር አላፊ አግዳሚው ብቻ ነው። ዛሬ ማስታወቂያው በቴሌግራምና በልዩ ልዩ ገጾች ስለሚወጣ በጓዳ ተቀምጦ መፈለግ ይቻላል፤ ነገር ግን በጓዳ የተደረገው በአደባባይ የሚታይበት መንገድ በዝቶአል። ሊንክድኢን በሚባለው ገጽ ላይ ሥራ ፈላጊ መሆንህን የሚያሳየውን አረንጓዴ ቀለበት በፎቶግራፍህ ዙሪያ ካደረግህ ለአለቃህ ደብዳቤ እንደ ጻፍህለት ቍጠረው። የመሥሪያ ቤቱ ኮምፒዩተር፥ የመሥሪያ ቤቱ ኢሜይልና ስልክ የመሥሪያ ቤቱ ናቸው። ሲቪውን በቢሮ ፕሪንተር አትሞ አንዱን ቅጠል በዚያው ረስቶ የሄደ ሰው አውቃለሁ፤ ወረቀቱን ያነሣችው የአለቃው ጸሐፊ ናት። የዚህ ሰው ጥፋት ግን መርሳቱ ብቻ አይደለም። ወረቀቱም፥ ቀለሙም፥ ሰዓቱም የሌላ ሰው ነበሩ። ማመልከቻህን በራስህ ሰዓት፥ በራስህ ስልክ፥ በራስህ ብር ጻፍ፤ ያንጊዜ ምሥጢርህም ሕሊናህም አብረው ይጠበቃሉ። ለአዲሱ ቤትም «የሥራ ቅጥሩን ካልወሰናችሁ በቀር አሁን ወዳለሁበት ቤት ስለ እኔ አትደውሉ» ብለህ በግልጥ ለምን። ይህን ልመና ቅን ቀጣሪ አይነቅፈውም።

አሁን ወደ ከባዱ ነገር ልምጣ፤ ይኸውም ሐሰት ነው። ስለ ሌላ ሰው ከምጽፍ ስለ ራሴ መጻፍ ይሻላል።

ገና ወጣት ሳለሁ፥ ለአገልግሎትም ሳልጠራ፥ በአንድ መሥሪያ ቤት ጸሐፊ ነበርሁ። ለሌላ ሥራ የጽሑፍ ፈተና ተጠርቼ ፈተናው በሥራ ቀን ዋለ። ፈቃድ መጠየቅ ፈራሁ፤ ለምን እንደ ሆነ ቢጠይቁኝ ምን እላለሁ ብዬ። ስለዚህ አክስቴ ሞታለች አልሁ። ያሳደገችኝ አክስት ነበረችኝ፤ በሕይወትም፥ በጤናም ነበረች። አለቃዬ ደንግጠው ተነሥተው አጽናኑኝና ሦስት ቀን ሰጡኝ። ፈተናዬን ተፈትኜ በማግሥቱ ቤት ተቀምጬ ሳለሁ ወደ ዐሥር ሰዓት ላይ በሩ ተንኳኳ። በውጭ አለቃዬና ስምንት የሥራ ባልደረቦቼ፥ ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው፥ ለለቅሶ መጥተው ቆመዋል። ከደመወዛቸው ያዋጡት ገንዘብ በፖስታ ታሽጎ ነበር። በሩን የከፈተችላቸው አክስቴ ናት። ቡና ስትወቅጥ ነበርና ዘነዘናው በእጅዋ ነበረ። እንግዶቹን ደስ ብሏት «ግቡ፥ ግቡ» አለቻቸው፤ ማን ሞቶባቸው እንደዚያ እንደ ለበሱም ጠየቀቻቸው።

አለቃዬ ወደ እኔ አንድ ጊዜ ተመለከቱ። ከዚያም «በሰፈሩ ለቅሶ ደርሰን ስንመለስ እግረ መንገዳችንን ልንጠይቃችሁ ነው» አሉ። ሁሉም ገብተው ቡናውን ጠጡ። እኔን ለማዳን ሲሉ እኒያ ቅን ሰው በራሳቸው አፍ ሐሰት ተናገሩ፤ ከኔ ሐሰት የተወለደ ሐሰት ነውና እስከ ዛሬ ድረስ በኔ ላይ እቈጥረዋለሁ። በማግሥቱ ወደ ቢሮአቸው ጠርተው በሩን ዘጉና «ፈተናው እንዴት ነበረ?» አሉኝ። አውቀውታል። «አንድ ቀን ፈቃድ ስጡኝ ብለህ ቢሆን ለምን እንደ ሆነ አልጠይቅህም ነበር» አሉ። ሌላ አንድ ቃል አልጨመሩም። ፈተናውን አላለፍሁም። የተዋጣውን ገንዘብ ለየባለቤቱ መለስሁ፤ አንዲት እኅት ብቻ «ለአክስትህ ቡና ግዛበት» ብላ እንቢ አለችኝ። በዚያ ቢሮ ከዚያ በኋላ አንድ ዓመት ከሁለት ወር ተቀመጥሁ፤ በዚያ ጊዜ ሁሉ ዘመድ ሞተብኝ ለማለት የማይችል ሰው ሆኜ ኖርሁ።

ስለዚህ ወንድሜ ሆይ፥ ለፈተና ወይም ለቃለ መጠይቅ ቀን ሲያስፈልግህ ከዓመት ፈቃድህ ለምን። የዓመት ፈቃድ የአንተ መብት ነው፤ «የግል ጉዳይ አለኝ» የሚለውም ቃል እውነት ነው። ያልታመምኸውን ታመምሁ አትበል፤ ያልሞተውን አትግደል።

ይህን ከሚመስሉ ፈተናዎች አንዱ የሥራ ልምድ ደብዳቤ ነው። አዲሱ ቤት ልምድህን የሚገልጽ ማኅተም ያለበት ወረቀት ይፈልጋል፤ ወረቀቱን የሚሰጠው ደግሞ ልትለቀው ያሰብኸው ቤት ነው። ብዙ ሰው በዚህ ጊዜ «ለቪዛ ነው»፥ «ለትምህርት ነው»፥ «ለብድር ነው» ይላል። ይህን ሁሉ ማለት አያስፈልግም። በ2011 ዓ. ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቍጥር 1156 ሠራተኛ በጠየቀ ጊዜ የሥራውን ዓይነት፥ የአገልግሎቱን ዘመንና ደመወዙን የሚገልጽ የምስክር ወረቀት ያለ ክፍያ እንዲሰጠው አሠሪውን ያዝዛል፤ መጠየቂያውም ሥራውን የለቀቀበት ቀን ብቻ አይደለም። «ከሰነዶቼ ጋር የማኖረው ነው» ብሎ መለመን እውነት ነው። ከሁሉ የሚበልጠው ግን ሥራ መፈለግ ሳትጀምር፥ በየዓመቱ፥ ምንም ሳታስብ መውሰድ ነው። ተማሪዎች ሆይ፥ ይህን አሁኑኑ ልብ በሉ።

አለቃህ ፊት ለፊት «ሥራ ትፈልጋለህን?» ብሎ ቢጠይቅህስ? «በፍጹም!» ብለህ አትማል። «የወሰንሁት ነገር የለም፤ የምወስን ቀን ከማንም አስቀድሜ ለእርስዎ እነግራለሁ» በል። ይህ ቃል እውነት የሚሆነው ግን ቃሉን የፈጸምህ እንደ ሆነ ነው።

ስለ ስንብቱ ደግሞ ሁለት ሰዎችን እናስብ። ያዕቆብ ላባን ጋር 20 ዓመት አገለገለ፤ ላባም ደመወዙን ዐሥር ጊዜ ለዋወጠበት። የተበደለው ያዕቆብ ነው። ነገር ግን ላባ በጎቹን ሊሸልት በሄደበት ቀን ሳይነግረው ሸሸ፤ ራሔልም የአባትዋን ጣዖቶች ሰርቃ ከግመሉ ኮርቻ በታች ሸሸገች። ላባ በሦስተኛው ቀን ሰምቶ ሰባት ቀን መንገድ ተከተላቸው። እግዚአብሔር በሕልም ባይከለክለው ኖሮ ነገሩ በደም ባለቀ ነበር። ያዕቆብ የፈራው በእውነት የሚያስፈራ ነገር ነበረና አልፈርድበትም። ይሁን እንጂ ያ ሽሽት የበደለውን ሰው ከሳሽ አደረገው፤ ላባ «በደስታና በዘፈን እሸኝህ ነበር» ብሎ ለመናገር አፍ አገኘ። ኤልሳዕ ግን በ12 ጥማድ በሬ ሲያርስ ኤልያስ በጠራው ጊዜ አባቱንና እናቱን ለመሰናበት ለመነ፤ በሬዎቹን አርዶ፥ በዕቃቸው እንጨት ሥጋውን ቀቅሎ፥ ሕዝቡን አበላና ሄደ። ከእርሻው የወጣው ሁሉም ጠግቦ ሳለ ነው።

ዛሬ ከግመል ኮርቻ በታች የሚሸሸገው የደንበኞች ስልክ ዝርዝር፥ የዋጋ ሠንጠረዥ፥ በፍላሽ የተገለበጠ ፋይል ነው። «እኔ ያዘጋጀሁት ነው» ትል ይሆናል። ደመወዝ ተቀብለህበት ያዘጋጀኸው የቤቱ ነው። የበሉበትን ወጪት መስበር በአገራችን ከጥንት የተነወረ ነገር ነው።

የአዲሱ ቤት ተስፋ በቃል ብቻ ከሆነ ገና አትንቀሳቀስ፤ የተፈረመ ደብዳቤ በእጅህ ይግባ። ከዚያ በኋላ አስቀድመህ ለአለቃህ፥ በቢሮው፥ በቃል ንገር፤ ባልደረቦችህ ከእርሱ በኋላ ይስሙ። ቀጥሎም አጭር ደብዳቤ ስጥ። ከላይ የተባለው አዋጅ የሙከራ ጊዜውን የጨረሰ ሠራተኛ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ሰጥቶ ሥራውን መልቀቅ እንዲችል ይፈቅዳል። ከመልቀቂያው በኋላ አሠሪው ክፍያውን በ7 የሥራ ቀን ውስጥ ሊከፍል ይገባዋል፤ ሠራተኛው በእጁ ያለውን ንብረት ሳያስረክብ ከዘገየ ግን ክፍያውም ሊዘገይ ይችላል። ስለዚህ ክሊራንስ የሚሉትን ወረቀት ይዘህ ከዕቃ ግምጃ ቤት እስከ ሒሳብ ክፍል በትዕግሥት ዙር። ሳሙኤል ሸምግሎ ሕዝቡን ሲሰናበት የማንን በሬ፥ የማንን አህያ ወሰድሁ ብሎ በአደባባይ እንደ ጠየቀ አስታውስ። ያ የሳሙኤል ክሊራንስ ነበረ።

በደብዳቤው ውስጥ ቂም አትጻፍ። ቀኑን፥ የምትለቅበትን ጊዜ፥ ስለ አገልግሎቱ ያለህን ምስጋና ጽፈህ ተው። ወረቀት በማኅደር ውስጥ ከቍጣህ ይልቅ ረጅም ዕድሜ ይኖራል። አዲሱም ሥራ ቢሆን አስቀድሞ 60 የሥራ ቀን ሙከራ ሊኖረው እንደሚችል አትርሳ፤ በእነዚያ ቀናት አሠሪው ያለ ማስጠንቀቂያ ሊያሰናብትህ ይችላል። ከኋላህ ያለውን በር በጥፊ ዘግተህ የሄድህ እንደ ሆነ በዚያ ቀን ወዴት ትመለሳለህ? በእነዚያ በቀሩት 30 ቀናት ደግሞ እንደ ነህምያ ጽዋውን ሙላ። የጀመርኸውን ጨርስ፤ ያልጨረስኸውን ጽፈህ አስረክብ፤ ተተኪህ ሌሊት ሌሊት እንዳይደውልልህ ሁሉን አሳየው።

ይህን ስል በደልን ሸፍኑ ማለቴ እንዳይመስላችሁ። አሠሪው ወንጀል ከፈጸመብህ፥ ሕይወትህን አደጋ ላይ ከጣለ፥ ወይም ግዴታውን ደጋግሞ ካፈረሰ፥ ሕጉ ያለ ማስጠንቀቂያ እንድትወጣ ይፈቅድልሃል። ክስም ካለህ በሥራ ጉዳይ ወደሚመለከተው ቢሮ ወይም ፍርድ ቤት በቀን ብርሃን ይቅረብ፤ በስንብት ቡና ላይ በሽሙጥ አይፈሰስ። በሰው ቤት የምታገለግል እኅት ደግሞ ይህ አዋጅ አይሸፍናትም። እንግዲህ አሠሪዎችዋ ሆይ፥ ልሂድ ባለች ቀን ደመወዝዋን ሳትቈርጡ፥ ሻንጣዋን በሰው ፊት ሳትበረብሩ መሸኘት በእናንተ ላይ ነው። በዓረብ አገር ፓስፖርትዋን ተቀምታ የምትኖረዋም ብትሸሽ ማንም ስለ መልካም ስንብት አይስበካት፤ ለእርስዋ የሚያስፈልጋት መዳን ነው።

የራሴን ነገር ሳልጨርስ አልተው። ከዚያ ቢሮ በመጨረሻ ስለቅ ያንኑ አለቃዬን ቀርቤ አስቀድሜ ነገርኋቸው። ወንበራቸውን ወደ መስኮቱ አዙረው ጥቂት ዝም አሉና «ዛሬስ ማንም አልሞተም?» አሉኝ። ሁለታችንም ሳቅን። አንድ ወር ሙሉ ከቀድሞው ይልቅ ተግቼ ሠራሁ፤ የምስክር ወረቀቴንም በራሳቸው እጅ ፈርመው ሰጡኝ።

ከብዙ ዓመት በኋላ አክስቴ በእውነት ዐረፈች። ለዚያ ቢሮ ሰዎች ወሬ አልላክሁም፤ እፍረቱ አልለቀቀኝም ነበርና። በሁለተኛው ቀን ጠዋት ድንኳኑ ገና ሳይሞላ እኒያ ሰው፥ ጡረታ ከወጡ ቆይተው፥ በምርኩዝ ተደግፈው ገቡ። ማን እንደ ነገራቸው እስከ ዛሬ አላወቅሁም። አጠገቤ ተቀመጡ፤ እጄን ያዙና እስከ ቀትር ድረስ ምንም ሳይናገሩ ከእኔ ጋር ቆዩ።